ሦስቱ በሽተኛ ጎማዎች

አባቴን ከጠየቃችሁት፣ ምድር ቤታችን ውስጥ የነበሩትን ጎማዎች ማን እንደሚነፋቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። «አሥራ ሁለት ዓመት ስለ አየር ብቻ ሳስብ የኖርኩ ሰው ነኝ» ይላል። «አየሩ ከየት እንደመጣ የማይገባኝ ይመስልሃል? አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ሹካዋን ታስቀምጣለች። እሷን ከጠየቃችሁ፣ አባቴ እስከ መጨረሻዋ ቅዳሜ፣ አለቃው ሚስተር ሃቨርስቶክ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ምድር ቤታችን ውስጥ እስከቆመባት ደቂቃ ድረስ፣ የሚያውቀው አንድም ነገር አልነበረም። «ሜርል ለልደቴ የገዛውን ስጦታ ለሁለት ሰዓት መደበቅ የማይችል ሰው ነው» ትላለች። «ገና ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ይነግረኛል። ይሄ ሰው ነው ሳምንታት ሙሉ ዝም ያለው?»

በዚህ ነገር ሃያ አንድ ዓመት ተከራክረዋል። ጎማዎቹን የነፋሁት እኔ ስለሆንኩ ደግሞ ሁለቱም ወደኔ ዞረው አንዱ «ንገራት»፣ አንዷ «ንገረው» ይሉኛል። ምስክርነቴ ግን ብዙ አይረባም። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁሉንም ነገር አይቻለሁ፤ ካየሁት ውስጥ በትክክል የገባኝ አንድም አልነበረም።

ያኔ የምንኖረው አክሮን ከተማ ውስጥ፣ ከጎማ ፋብሪካው ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ቁልቁለት ላይ በተሠራች የእንጨት ቤት ነበር። ነፋሱ ሲዞር የጎማው ሽታ ወጥ ቤት ድረስ ይገባል። አያቴ ሆባርት ሽታውን በረጅሙ ይስብና «የደመወዝ ሽታ ነው» ይላል። አያቴ የእናቴ አባት ነው። በወጣትነቱ ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መጥቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት በእጁ ጎማ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ሴት አያቴ ከሞተች ወዲህ ፎቅ ላይ ባለችው ትንሿ ክፍል ከእኛ ጋር ይኖራል። አባቴ ሜርል ደግሞ ኮሌጅ የተማረ የጎማ ኬሚስት ነው። ስለዚህ ሁለቱ በጎማ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ እራት ላይ ደግሞ ከጎማ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

የጠባቸው ምንጭ ከመነዳሪ ነው። በአያቴ ዘመን እያንዳንዱ ጎማ በሆዱ ከመነዳሪ ነበረው፤ አየሩን የሚይዘውም እሱ ነው። ኋላ ከመነዳሪው ቀረና አየር የመያዙ ኃላፊነት ከጎማው ውስጥ በኩል በተለጠፈ ስስ ሽፋን ላይ ወደቀ። አባቴ «ገበር» ይለዋል። አባቴ የሚተዳደረው ገበር በመንደፍ ነበር።

«ገበር የኮት ነው» ይላል አያቴ፣ የበቆሎ ዳቦውን ባቄላው ውስጥ እየነከረ። «ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ማለት ሙታንታ ሳይለብስ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ማለት ነው። ሌላው ሰው ላያይበት ይችላል። እሱ ራሱ ግን መዝሙሩን ተረጋግቶ አይዘምርም።»

«አባዬ፣ ልጁ እየሰማ ነው» ትላለች እናቴ።

«ይስማ። ሙታንታ የሱም ጉዳይ ነው።»

አባቴ አይቆጣም። የአባቴ ክፋት፣ ሲሰድቡትም ያስረዳል። «አባባ ሆባርት፣ የድሮው ገበር አየር ያሳልፋል። ቀዳዳ ኖሮት አይደለም፤ ላብ በቆዳ እንደሚወጣው ነው። የከመነዳሪው ላስቲክ አየር አያሳልፍም፤ ግን ከጎኑ ካለው ጎማ ጋር አልጣበቅም ይላል። አማትና ምራት ናቸው። ባወፍረው ጎማው በታጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ባሳሳው አየሩን ይለቃል። አራት ዓመት የደከምኩት ሁለቱን ለማስታረቅ ነው።»

«እና ታረቁልህ?»

«ይመስለኛል።»

«ሽማግሌው ማን ነበር?»

«ክሎሪን» አለ አባቴ። «ትንሽ ጠብ ይደረግበታል።»

አያቴ ያን ዕለት ጎንበስ ብሎ ባቄላውን ጨረሰ።

መታረቃቸው ግን መረጋገጥ ነበረበት። ፋብሪካው ለዚህ የሚሆን ሙቀቱ የማይለዋወጥ ክፍል ቢኖረውም ያን ክረምት በአውሮፕላን ጎማ ተሞልቶ ነበር። የአባቴ አለቃ ሚስተር ሃቨርስቶክ «የቤትህ ምድር ቤት እንዴት ነው? የሚሞቅ የሚበርድ ነገር አለው?» ብሎ ጠየቀው። «ሁልጊዜ ይበርዳል» አለ አባቴ። በዚህ ምክንያት በጥር ወር መጨረሻ ሁለት ሠራተኞች በቸርኬ የተገጠሙ ስድስት ጎማዎች በደረጃችን አንከባለው አወረዱ። ሦስቱ አዲሱ ገበር ያላቸው ናቸው፤ በነጭ ጠመኔ ክብ ተሰመረባቸው። ሦስቱ የድሮው ገበር ያላቸው ናቸው፤ በቢጫ ተሰመረባቸው። ሁሉም እኩል ሠላሳ ሁለት ፓውንድ አየር ተሞሉ። ዘጠኝ ሳምንት ማንም ሳይነካቸው ይቀመጣሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አባቴ ብቻ ይለካቸዋል።

አባቴ ወለሉ ላይ መስመር አሰመረ። «ከዚህ ወዲያ ማንም አያልፍም። ሎሪን፣ አንቺም ብትሆኚ።»

«ድንቼ ከዚያ ወዲያ ነው ያለው» አለች እናቴ።

አባቴ መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋና ድንቹን አስወጥቶ እንደገና አሰመረ።

ያን ሰሞን እራታችን ላይ አዲስ ስም መጣ፤ አላባማ። ወሬው ሁልጊዜ በግማሽ ነው የሚደርሰኝ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ዘጠኝ ሳምንት፣ ስለ ጎማዎቹና ስለ አላባማ አንድ ነገር ይላል። አያቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ ከአክሮን የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው» ይላል። አንድ ቀን እንዲህ ሲል እናቴ ሳህኖቹን ሳታነሳ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እያለቀሰች ነበር። ዞር ስል አባቴም ከኋላዬ ቆሞ ይሰማል።

በማግስቱ አያቴን ጠየቅኩት።

«አባባ፣ አላባማ ምንድነው?»

«ሩቅ አገር ነው። ሙቀቱ አይቻልም። ሰው የሚላክበት ነው።»

«ምን ያደረገ ሰው?»

አያቴ አሰብ አደረገና በመስኮቱ የጎረቤታችንን ባዶ ቤት በአገጩ አሳየኝ። «ስካግስ ትዝ አይልህም? አንድ ሙሉ ቅልቅል ላስቲክ አሳረረ። ወር ሳይሞላው ላኩት።»

አሁን ሳጣራው፣ ሚስተር ስካግስ ላስቲክ ማሳረሩ እውነት ነው። አላባማ መሄዱም እውነት ነው። የሄደው ግን ራሱ አመልክቶ፣ ዕድገት አግኝቶ፣ በሚስቱ አስም ምክንያት ነው። ሁለቱን ወሬ ያጋባቸው አያቴ ነው። የእኛም ነገር እንዲሁ ነበር። ፋብሪካው አላባማ ውስጥ አዲስ ቅርንጫፍ እየሠራ ነው፤ የአባቴ ገበር ፈተናውን ካለፈ የሚመረተው እዚያ ነው፤ የገበሩ ክፍል ኃላፊ ሆኖ የሚሄደውም አባቴ ነው። ጎማዎቹ አየር ከያዙ እንሄዳለን፤ ካልያዙ አክሮን እንቀራለን።

እኔ የያዝኩት የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። ጎማዎቹ ከጎደሉ አባቴ አጥፍቷል፤ ያጠፋ ሰው ደግሞ ይላካል።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሲለካ አየሁት። መለኪያውን ቫልቮላው ላይ ሲጭነው ጎማው «ጽስ» ይላል፤ አባቴ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ያነብና ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኩፍኝ ይዞኝ ዶክተሩ ልክ እንደዚህ ያደርገኝ ነበር። ጎንበስ ይላል፤ ያነባል፤ ይጽፋል፤ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ጎማዎቹ መታመማቸው ወዲያው ገባኝ። ነጮቹ ብዙም አልባሰባቸውም። ቢጫዎቹ ግን በሁለተኛዋ ቅዳሜ ከሠላሳ ሁለት ወደ ሠላሳ ከሦስት ሩብ ወርደው ነበር።

አባቴ እያፏጨ ወደ ላይ ወጣ። አራት ፓንኬክ በላ። እናቴን ወገቧን ይዞ ምድጃው ፊት አዞራት። እንዲህ ያለ ጀግና አባት ነበረኝ፤ ሊላክ ነው፣ ግን እኛ እንዳንጨነቅ ያፏጫል።

ያፏጨው ደስ ብሎት ነው። የድሮው ገበር በጎደለ ቁጥር የእሱ አዲሱ ይበልጣል። ቢጫዎቹ እንዲጎድሉ እንደሚጸልይ ማንም አልነገረኝም።

ብስክሌቴ ጋራዡ ውስጥ ተሰቅላለች፤ ፖምፓዋም ከጎኗ። ፖምፓዋን አውርጄ ብሞክራት ቆዳዋ ደርቆ አየር አልስብ አለች። ለአያቴ ወሰድኩለት።

«በየካቲት ብስክሌት ልትነዳ?» አለኝ።

አያቴ እኔን አየ፤ በመስኮቱ እስከ አጥሩ ግማሽ የደረሰውን በረዶ አየ፤ ቀጥሎ የምድር ቤቱን በር አየ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ፖምፓዋን ፈትቶ ቆዳዋን በአሳማ ስብ አሸት አሸት አደረገና መልሶ ገጠማት። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ንፋሱን በጉንጩ ለካ።

«በርታ» አለኝ።

አያቴ ለነገር ሁሉ «በርታ» የሚል ሰው ስለነበር ብዙም አላስገረመኝም።

ሥራውን የምሠራው ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። አያቴ ሳሎን ተቀምጦ ራዲዮኑን ይከፍታል፤ እኔ ወደ ምድር ቤት ስወርድ ድምፁን ይጨምረዋል። ምድር ቤቱ የድንችና የጎማ ሽታ አለው። መስመሩን በረጅሙ እረግጥና አልፋለሁ። ቱቦዋን ቫልቮላው ላይ ሳጠብቅ ጎማው ትንሽ ይተነፍሳል፤ «አይዞህ» እለዋለሁ። ለእያንዳንዱ ቢጫ አምስት ጊዜ እነፋለሁ። ፖምፓዋ ስትከብደኝ በሆዴ እተኛባታለሁ። ነጮቹን አልነካኋቸውም። ደህና ነበሩ፤ ደህና ሰው መድኃኒት አይሰጠውም።

በሦስተኛዋ ቅዳሜ ቢጫዎቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። አባቴ መለኪያውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። በአራተኛዋ ሠላሳ አንድ ሆኑ። አባቴ ወደ ላይ ሲወጣ አላፏጨም። አንድ ፓንኬክ ወሰደ፤ ግማሹን ተወው።

እኔ ይህን ያየሁት እንዲህ ነው። ሕመምተኞቹ እያገገሙ ነው፤ ግን ቶሎ አላገገሙም፤ አባቴ ተስፋ እየቆረጠ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከአምስት ወደ አሥር አደረስኩት። በአምስተኛዋ ቅዳሜ ቢጫዎቹ ሠላሳ አንድ ተኩል ገቡ። አባቴ የድንቹ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እሱ ባዘነ ቁጥር እኔ እነፋለሁ፤ እኔ በነፋሁ ቁጥር እሱ ያዝናል። አዲስ መለኪያ ገዛ። ሦስት ቴርሞሜትር ግድግዳው ላይ ሰቀለ። አንድ ቀን ተንበርክኮ ወለሉን ሲያሸት አገኘሁት።

«ምን ሆነሃል ሜርል?» አለችው እናቴ እራት ላይ።

«ምንም።»

«ጎማዎቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለ።

«ከመነዳሪ ቢኖራቸው ኖሮ» ብሎ አያቴ ጀመረ።

«አባባ ሆባርት፣ ዛሬ ይቅርብኝ።»

አያቴ ተወው። እንዲያውም አባቴን ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቀው ርኅራኄ ተመለከተውና ከራሱ ሳህን አንድ ቁራጭ ሥጋ አነሳለት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚባለው ለአያቴ ሳይሆን አይቀርም።

ስድስተኛዋ ቅዳሜ የክርክሩ ሁሉ እምብርት ናት። ረቡዕ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ሳልነፋ ቀርቼ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በፒጃማዬ ወርጄ ሠላሳውንም ምት ባንዴ ነፋሁ። ጨርሼ ቱቦዋን እየፈታሁ ሳለ የአባቴ ኮቴ ተሰማኝ፤ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መጥቷል። ፖምፓዋን ከድንቹ ጆንያ ጀርባ ወረወርኳትና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ጎማዎቹን ለካ። ቢጫዎቹ ሠላሳ ሁለት። ጆንያው ላይ ሊቀመጥ ዞር ሲል የፖምፓዋን እጀታ አየው። አነሳት። የታችኛውን ጫፏን በመዳፉ ጨበጠ። ከላይ፣ ከወጥ ቤት፣ የሚጠበስ ሊጥ ሽታና የእናቴ ዘፈን ይመጣል። ያን ሰሞን እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ ታንጎራጉር ነበር። አባቴ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ፖምፓዋን ከነበረችበት ጆንያ ጀርባ መልሶ አስቀመጣት።

«ዌንደል» አለኝ።

«አቤት።»

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ሂድ ብላ።»

ይኸው ነው። እኔ ፖምፓዋ የብስክሌት ስለሆነች ከጎማዎቹ ጋር አላገናኛትም ብዬ አሰብኩ።

በኋላ፣ እኔም እዚያው አክሮን ተመልሼ የላስቲክ ኬሚስትሪ ተምሬ ስመረቅ፣ አባቴ የያን ክረምት ደብተሩን ሰጠኝ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቅዳሜዎች ሥር የጻፋቸው ጥያቄዎች ናቸው። «መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን?» «የግድግዳው እርጥበት?» «ቢጫና ነጩ ተቀያይሮብኝ ይሆን?» አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «እግዚአብሔር?» ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር የሚለው እንደማይሆን ግልጽ ነው። በስድስተኛዋ ቅዳሜ ሥር ግን ሁለት ቃል ብቻ አለ። «ፖምፓው ሞቋል።» ፖምፓ የሚሞቀው ሲነፋበት ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ምንም አያውቅም ነበር የሚለውም አይሆንም። ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ መረመረችውና «ያቺን በኋላ ነው የጨመራት፤ እርሳሱ ይለያል» አለች። እውነት ለመናገር እርሳሱ ይለያል።

ለምን ዝም እንዳለ የነገረኝ ያን ዕለት ነው። «አላባማ ስንል እናትህ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አንተም ሰምተሃታል። ከዚያ ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ መዝፈን ጀመረች። አባቷን ጥላ መሄድ አልሆነላትም አልኩ። ገበሩ ይቅር አልኩ።»

«አራት ዓመት የለፋህበት?»

«እሷ ስትዘፍን ሰምተሃት የለም?» አለኝ።

ዘጠነኛዋ ቅዳሜ መጣች። ሚስተር ሃቨርስቶክ ራሱ ሊለካ መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ደረጃችንን በጎኑ ነው የወረደው። እናቴ ጎምዛዛ ጎመንና ሥጋ አድቦልቡላ ልትጠብስለት ወጥ ቤት ቀረች። አያቴ ደረጃው አናት ላይ ቆመ፤ የቀብር ኮቱን ለብሷል።

ሚስተር ሃቨርስቶክ መጀመሪያ ነጮቹን ለካ። «ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ከሦስት ሩብ። ጥሩ ነው ሜርል፤ በጣም ጥሩ ነው።» ከዚያ ወደ ቢጫዎቹ ዞረ። የመጀመሪያውን ለካ። መነጽሩን ጠረገ። ደግሞ ለካ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ለካና ቀና አለ።

«ሠላሳ ስንት ሞልተሃቸው ነበር ያልከኝ?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«ይሄኛው ሠላሳ አራት ነው» አለ። «በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አየር የሚያባክን ጎማ ብዙ አይቻለሁ። ወለድ የሚያስገባ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

አባቴ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«እዚህ የገባ ሰው አለ ሜርል። የምታውቀው ነገር አለ?»

አባቴ ወደ ጣሪያው አየ። እናቴ ከላይ እየዘፈነች ነው። «የለም» አለ።

«እንግዲያው ፈተናው ተበላሸ። ሰኞ ለዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች መልስ መስጠት አለብኝ፤ በተበላሸ ፈተና አዲስ ገበር ግዙ ልላቸው አልችልም። በድሮው እንቀጥላለን።» ባርኔጣውን አደረገ። «አዝናለሁ። ነጮቹን ሰኞ ሰው ልኬ አስቆርጣቸዋለሁ።»

እኔ እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ደስ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩት። በሽተኞቼ ድነዋል። አሁን ግን ሰውየው ጤነኞቹን ሊያስቆርጣቸው ነው።

«ነጮቹ ምን አደረጉ?» አልኩ። «እነሱ አልታመሙም። እኔ እንኳ አልነካኋቸውም።»

ሚስተር ሃቨርስቶክ ቀስ ብሎ ዞረ። «ማንን ነው የነካኸው?»

«ቢጫዎቹን ነዋ። በሽተኞቹን። በፖምፓ እያከምኳቸው ነው።»

«ስንት ስንት ጊዜ?»

«መጀመሪያ አምስት አምስት። ኋላ አባዬ ሲያዝን አሥር አሥር። ረቡዕ ረቡዕ።»

«ነጮቹንስ? አንድ ጊዜም? አስበህ መልስልኝ ልጄ።»

«ደህና ናቸው እያልኩህ» አልኩት።

ሰውየው የድንቹ ጆንያ ላይ ተቀመጠና እርሳሱን አወጣ። ከመቀመጡ ጆንያው ተቀደደ። ድንች እግሩ ሥር እየተንከባለለ እሱ ደመረ፣ ቀነሰ። «ስለዚህ ነጮቹ በዘጠኝ ሳምንት አንድ ፓውንድ ብቻ ነው የጎደላቸው፤ ማንም ሳይነካቸው» አለ ለራሱ። «የልጁን ምት ስቀንሰው ቢጫዎቹ እስከ አምስት ፓውንድ ይጎድላሉ። ሜርል፣ ገበርህ ሠርቷል። የሰኞ መልሴ ይሄው ነው። ለአላባማ ተዘጋጅ።»

«ድነዋል እኮ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። «ድነው ሳለ ለምን ይልኩናል?»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል የአያቴ ድምፅ ከላይ መጣ።

ሚስተር ሃቨርስቶክ ፖምፓዋን አንስቶ እየመረመረ ነበር። «የዚህን ቆዳ ማን ነው ስብ የቀባው? ሥራ የሚያውቅ እጅ ነው።»

«አባባ ነው» አልኩ እያለቀስኩ።

ደረጃው አናት ላይ የቀብር ኮቱ ወደኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ከኋላው ግን እናቴ ሳህኑን ይዛ ቆማ ነበር፤ መሄጃ አልነበረውም።

«አባዬ» አለች።

«ልጁ በርትቶ ሲለምነኝ ምን ላድርግ» አለ አያቴ። «ስካግስን ወሰዱት። አንቺን ሊወስዱሽ ነው። እኔ ከማን ጋር ነው የምጨቃጨቀው?»

«እኔም አውቅ ነበር» አለ አባቴ በድንገት። ፊቱ ቀልቷል። «ከመጀመሪያው አውቅ ነበር ሎሪን። አንቺ ከአክሮን መውጣት ስለማትፈልጊ ነው ዝም ያልኩት።»

ክርክሩ የተወለደው በዚህች ቅጽበት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ፣ እዚያው ቆሞ ነው የፈጠራት ትላለች።

«ማን ነው አልፈልግም ያለው?» አለች።

«ጓዳ ገብተሽ ስታለቅሺ» አለ አባቴ።

«ያለቀስኩት አባዬ በሬሳ ሳጥን ካልሆነ አልወጣም ሲል፣ አንተም አንድ ቃል ሳትመልስለት ስትቀር ነው። በዚህ ቤት ተቀብሬ ቀረሁ ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

«ስትዘፍኚስ?»

«ጎማዎቹ እንዴት ናቸው ብዬ ስጠይቅህ ደህና ናቸው አላልከኝም? ልንሄድ ነው ብዬ ነዋ የዘፈንኩት።» ሦስታችንንም አንድ በአንድ አየችን፤ እኔን፣ አባቴን፣ አያቴን። «አንዱ ይነፋል፤ አንዱ ስብ ይቀባል፤ አንዱ ጣሪያ ያያል። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ሎሪን ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው የለም።»

ሚስተር ሃቨርስቶክ ከድንቾቹ መሐል ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ወይዘሮ ታኬት፣ እኔ ልጠይቅዎ» አለ። «ሰኞ ምን ብዬ ልጻፍ?»

እናቴ ደረጃውን ወርዳ ሳህኑን ለእሱ አስያዘችው። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ይጻፉ» አለች። «ታኬቶች አላባማ ይሄዳሉ። አራቱም። አባቴ በእግሩ መኪና ውስጥ ካልገባልኝ፣ ጣሪያው ላይ ከሶፋው ጋር አስሬ እወስደዋለሁ።»